ዳይስ ወርውሮ ስሌትን መፈተን፦ ከወረቀት ወደ ጠረጴዛ

ሉዶ የተጫወተ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሦስቱ ተጫዋቾች ቆርኪያቸውን አውጥተው ሰሌዳውን ይዞራሉ። አራተኛው ግን ስድስት እምቢ ብሎት ቤቱ ውስጥ ተቀምጧል። ዳይሱን በመዳፉ ያሻል፣ እፍ ይልበታል፣ ይወረውራል። ሁለት። ተራው ሲደርስ ደግሞ ይወረውራል። አምስት። አስር ጊዜ ወርውሮ ካጣ በኋላ «አሁንስ የግዱን ይመጣል» ይላል።

የግዱን አይመጣም። ለምን እንደማይመጣ በቃል ማስረዳት ይቻላል። በራስ እጅ ወርውሮ፣ ቆጥሮ፣ አስልቶ ማየት ግን ሌላ ነው። ይህን መመሪያ የጻፍኩት ለዚያ ነው። ለፈተና የሚዘጋጅ ተማሪ፣ ልጁን የሚያስጠና ወላጅ፣ ክፍል ውስጥ ሙከራ ማሠራት የሚፈልግ መምህር ሊጠቀምበት ይችላል። አንድ ከሰዓት ይበቃል።

የምናነጻጽረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ንድፈ ሐሳባዊ ይሆንታ ነው። ምንም ሳንወረውር፣ የዳይሱን ቅርጽ ብቻ አይተን የምናሰላው ማለት ነው። ሁለተኛው የሙከራ ይሆንታ ነው። ይሄኛው ወርውረን፣ የወጣውን ቆጥረን የምናገኘው ነው። ይሆንታ የሚለው ቃል ከከበዳችሁ ፕሮባብሊቲ በሉት፣ ያው ነው።

የሚያስፈልጋችሁ

አንድ ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ። ከሉዶ ሰሌዳ ጋር የሚመጣው ይሆናል። አፉ ሰፋ ያለ የፕላስቲክ ኩባያ። ጠርዝ ያለው የሻይ ትሪ፣ ስስ ፎጣ የተነጠፈበት። ፎጣው ጩኸቱን ይቀንሳል፤ ጠርዙ ዳይሱ ተንከባሎ አልጋ ሥር እንዳይገባ ያግዳል። ከዚያ ደብተር፣ እስክሪብቶና የስልክ ካልኩሌተር።

ዳይስ ከሌላችሁ አትቸገሩ። ስድስት እኩል ወረቀት ቆርጣችሁ ከ1 እስከ 6 ጻፉባቸው። ሁሉንም በአንድ ዓይነት አጣጥፉና ፌስታል ውስጥ ጨምሩ። ከዚያ እንደ እጣ አውጡ። ቁጥሩን ከመዘገባችሁ በኋላ ወረቀቱን መልሳችሁ ጨምሩና በደንብ በውዙ። ይህቺን መመለስ አትርሱ። ካልመለሳችሁ የምትሠሩት ሌላ ሙከራ ይሆናል። ምክንያቱን ወደ ታች ስንወርድ ታዩታላችሁ።

1ኛ፦ ወረቀቱ ላይ አስሉ

ዳይሱን አንሱና አገላብጡት። ከ1 ጀርባ 6 አለ። ከ2 ጀርባ 5፣ ከ3 ጀርባ 4። በተለመደው ዳይስ ተቃራኒ ገጾች ሲደመሩ 7 ይሆናሉ። ይህን ያዙት፣ በኋላ አንድ የሚገርም ነገር ይፈታልናል።

ገጾቹ ስድስት ናቸው። ዳይሱ ካልተጣመመ፣ አንዱ ወገኑም ካልከበደ፣ አንዱ ገጽ ከሌላው የሚበልጥበት ምክንያት የለም። ስለዚህ የእያንዳንዱ ገጽ ይሆንታ 1/6 ነው። በአስርዮሽ 0.1667፣ በመቶኛ 16.67 ገደማ።

ከአንድ ገጽ በላይ ለሚይዝ ኹነትም ዘዴው ያው ነው። ጎዶሎ ቁጥር ብትሉ 1፣ 3 እና 5 ናቸው፤ 3/6፣ ማለትም ግማሽ። ከ4 የሚበልጥ ብትሉ 5 እና 6 ናቸው፤ 2/6፣ ማለትም ሲሶ። የምትፈልጉት ነገር በስንት መንገድ እንደሚመጣ ቆጥራችሁ፣ ሊመጡ ለሚችሉት መንገዶች ሁሉ ብዛት ማካፈል ነው።

ይህ ስሌት የሚናገረው ግን ስለ አንድ እንከን የለሽ ዳይስ ነው። እናንተ እጅ ላይ ስላለው ዳይስ ገና ምንም አልተናገረም። ገጾቹ እኩል ናቸው የሚለው መነሻ ግምታችን ነው። የምንወረውረውም ይህንን ግምት ለመፈተን ነው።

2ኛ፦ ከመወርወራችሁ በፊት ግምታችሁን ጻፉ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው፤ እኔ ግን ከሁሉም እርምጃ አስበልጬ የማየው እሱን ነው። 60 ጊዜ ልትወረውሩ ከሆነ፣ እያንዳንዱ ገጽ 60 × 1/6 = 10 ጊዜ ይጠበቃል። ይህን ጻፉ። ከሥሩ ደግሞ «ስንት ቢወጣ አልገረምም? ስንት ቢወጣ ዳይሱን እጠረጥራለሁ?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁና መልሱን በቁጥር አስፍሩ። ውጤቱን ካያችሁ በኋላ የምትጽፉት ግምት ግምት አይደለም። የሰው ልብ ካየ በኋላ «እኔም እንዲሁ ነበር ያልኩት» ማለት ይወዳል።

ደንቡንም አሁኑኑ ወስኑ። ከትሪው ውጭ የወደቀ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? ጠርዙን ተደግፎ ዘመም ብሎ የቆመስ? የኔ ምርጫ ሁለቱም እንዳይቆጠሩና እንደገና እንዲወረወሩ ነው። የእናንተ ሌላ ሊሆን ይችላል፣ ችግር የለውም። የወደቀው ስድስት ሲሆን «ይቆጠር»፣ አንድ ሲሆን «አይቆጠርም» ማለት ከጀመራችሁ ግን ሙከራው አበቃለት።

ስንት ጊዜ እንደምትወረውሩም አስቀድማችሁ ቁረጡ። 60 ካላችሁ 60። በ48ኛው ላይ ቁጥሮቹ አማሩ ብሎ ማቆም፣ 60 ላይ አላማሩም ብሎ መጨመር፣ ሁለቱም ውጤቱን ያበላሹታል።

3ኛ፦ ወርውሩና መዝግቡ

ዳይሱን ኩባያ ውስጥ ጨምሩ። አፉን በመዳፋችሁ ክደኑና አራት አምስት ጊዜ በደንብ ናጡት። ዳይሱ ግድግዳውን ሲመታ መሰማት አለበት። ከዚያ ከትሪው አንድ ስንዝር ከፍ አድርጋችሁ ገልብጡት። በሁለት ጣት ይዞ ዝቅ አድርጎ ማንሸራተት አይሆንም። እንደዚያ የተለቀቀ ዳይስ አንዳንዴ ሳይገለበጥ ይቆማል፤ ያኔ የምትቆጥሩት የእጃችሁን ልማድ ነው።

ሁለት መዝገብ ያዙ። አንደኛው የቅደም ተከተል መዝገብ ነው። የወጣውን ቁጥር እንደወጣ ትጽፋላችሁ፣ በአንድ መስመር አስር አስር። ሁለተኛው የቆጠራ ሠንጠረዥ ነው። ከ1 እስከ 6 ወደ ታች ጻፉና ለእያንዳንዱ አንድ ጭረት አድርጉ። አራት ቋሚ ጭረት ሲሞላ አምስተኛውን በላያቸው አጋድሙት፤ በአምስት በአምስት መቁጠር ይቀላል። ሁለት ሰው ከሆናችሁ አንዱ ይወርውር፣ ሌላው ይጻፍ። ስልሳው ሲያልቅ ጭረቶቹን ደምሩ። 60 ካልመጣ አንድ ቦታ ተዘሏል፤ ከቅደም ተከተሉ መዝገብ ጋር አመሳክሩት።

4ኛ፦ የሙከራውን ይሆንታ አስሉ

ቀላል ማካፈል ነው። ገጹ የወጣበት ብዛት፣ ለጠቅላላው ውርወራ። እንበልና እንዲህ ወጣላችሁ፦

1 — 8 ጊዜ
2 — 13 ጊዜ
3 — 9 ጊዜ
4 — 11 ጊዜ
5 — 7 ጊዜ
6 — 12 ጊዜ

የ6 የሙከራ ይሆንታ 12/60 = 0.20፣ ከመቶ 20 ነው። በስሌቱ 16.67 ነበር። የ5 ደግሞ 7/60፣ ከመቶ 11.67 ገደማ። ስድስቱንም አስሉና ከስሌቱ አጠገብ ጻፉ። ስትደምሯቸው 1 መምጣት አለባቸው።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ ይደነግጣል። «አስር አስር አልመጣልኝም፣ ተሳስቻለሁ» ብሎ ያስባል። ቁጥሩን ጠጋ ጠጋ አድርጎ የሚያስተካክልም አለ። እባካችሁ እንዳታደርጉት። ስድስቱም ገጾች ልክ አስር አስር ጊዜ የመውጣታቸው ይሆንታ እጅግ ትንሽ ነው። ፍጹም ትክክል በሆነ ዳይስ ስልሳ ስልሳ ጊዜ የመወርወሩን ሙከራ 10,000 ጊዜ ብትደግሙት፣ ልክ አስር አስር የሚመጣው በአማካይ አንዴ እንኳ አይሞላም። መምህራን ይህን ልብ በሉልኝ። 10፣ 10፣ 10፣ 10፣ 10፣ 10 ብሎ የጻፈ ልጅ ምናልባትም ያልወረወረው ነው። 8፣ 13፣ 9 ብሎ ያመጣው ልጅ ሙሉ ማርክ ይገባዋል።

5ኛ፦ ልዩነቱ ስንት ቢሆን ነው የሚያሳስበው?

ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። ልዩነት መኖሩ አይቀርም። ጥያቄው መጠኑ ነው። ለአንድ ገጽ የሚሠራ ቀላል መለኪያ አለ። የውርወራውን ብዛት በ1/6 አባዙት፣ እንደገና በ5/6 አባዙት። የመጣውን ስኩዌር ሩት አውጡለት። በ2 አባዙት። ትክክለኛ ዳይስ ከሆነ፣ የአንድ ገጽ ቆጠራ ከ100 ሙከራ በ95 ያህሉ ከሚጠበቀው በላይም ሆነ በታች ከዚህ ቁጥር አይርቅም።

ለ60 እንሥራው። 60 × 1/6 = 10። 10 × 5/6 = 8.33። ስኩዌር ሩቱ 2.9 ገደማ። በ2 ሲባዛ 5.8። ስለዚህ አንድ ገጽ 10 ሲጠበቅ 5 ወይም 15 ቢወጣ እንኳ ዳይሱን መክሰስ አይቻልም። ከላይ ባለው ምሳሌ ትልቁ ልዩነት 3 ነው። ይህ ዳይስ ንጹሕ ነው ብላችሁ ልትቀበሉት ትችላላችሁ፣ ቢያንስ እስካሁን።

ስድስት ገጾችን አንድ ላይ ስታዩ ግን አንዱ ከመስመሩ ጥቂት ቢያልፍ ወዲያው አትፍረዱ። ስድስት ሰው ስትመዝኑ አንዱ ትንሽ ቢያፈነግጥ አይገርምም። እንደገና ወርውሩ። ያው ገጽ ያንኑ ካደረገ ያኔ ነገር አለ ማለት ነው።

6ኛ፦ ወደ 600 ውጡ

አንድ ሰው ብቻውን 600 መወርወር ይሰለቸዋል። አስር ጓደኞች ስልሳ ስልሳ ከወረወራችሁ ግን ደረሳችሁ። ክፍል ውስጥ ከሆነ ሰሌዳ ላይ የሁሉንም ቆጠራ ደምሩ። ዳይሶቹ የተለያዩ ከሆኑ የምትፈትኑት አንድን ዳይስ ሳይሆን የዳይሶቹን ድምር እንደሆነ አስታውሱ። አንድ ዳይስ ማዟዟር ይሻላል።

ከእያንዳንዱ ስልሳ በኋላ ቆም በሉና የ6ን የሙከራ ይሆንታ እስከዚያ ባለው ድምር አስሉ። በ60፣ በ120፣ በ180 እያላችሁ እስከ 600። ነጥቦቹን ደብተር ላይ አስፍሩና በመስመር አገናኟቸው። በ16.67 ላይ ደግሞ ቀጥ ያለ አግድም መስመር አስምሩ። የእናንተ መስመር መጀመሪያ ላይ ከፍ ዝቅ ይላል። እየቆየ ወደ አግድሙ እየተጠጋ፣ መንገዳገዱም እየቀነሰ ይሄዳል። የስዊዘርላንዱ የሒሳብ ሊቅ ያኮብ በርኑሊ ያረጋገጠው ይህንን ነው፤ ሥራው የታተመው እሱ ከሞተ በኋላ በ1713 ነው። የብዙ ቁጥር ሕግ ይሉታል።

አሁን በደንብ ተጠንቀቁልኝ። እዚህ ቦታ ትልልቅ ሰዎችም ይስታሉ። መለኪያችንን ለ600 ብንሠራው 18 ገደማ ይመጣል። ለ6,000 ደግሞ 58 ገደማ። ልዩነቱ በቁጥር ሲታይ አደገ፦ 6፣ 18፣ 58። በድርሻ ሲታይ ግን፣ 5.8 ለ60 ከመቶ ወደ 10 ይጠጋል፤ 18 ለ600 ከመቶ 3 ነው፤ 58 ለ6,000 ከመቶ 1 አይሞላም። የሚጠበው ድርሻው ነው። ቁጥሩ ራሱ ሊሰፋ ይችላል።

ጆን ኬሪች የተባለው የሒሳብ ሊቅ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ዴንማርክ ውስጥ ታስሮ ሳለ አንድ ሳንቲም 10,000 ጊዜ ወርውሯል። ራስ የወጣው 5,067 ጊዜ ነው። ከግማሹ 67 ይበልጣል። በመቶኛ ሲሆን ግን 50.67 ነው። ለሳንቲም መለኪያው 10,000ን ሁለቴ በ1/2 አባዝቶ ስኩዌር ሩቱን በ2 ማባዛት ነው፤ 100 ይመጣል። 67 ከሱ በታች ነውና የኬሪች ሳንቲም አልዋሸም።

7ኛ፦ «አሁንስ ይመጣል» የሚለውን ፈትኑት

ወደ ሉዶው ልጅ እንመለስ። አስር ጊዜ ወርውሮ ስድስት የማጣት ይሆንታ 5/6ን አስር ጊዜ በራሱ ማባዛት ነው፤ ከመቶ 16 ይሆናል። ብርቅ አይደለም። አስራ አንደኛው ውርወራ ላይ ግን ዕድሉ ያው 1/6 ነው።

ይህን ለመቀበል የምንቸገረው ያደግነው ከዕቁብ ጋር ስለሆነ ይመስለኛል። 12 አባላት ያሉት ዕቁብ አስቡ። በመጀመሪያው ዙር እጣው የመውጣቱ ዕድል 1/12 ነው። ካልወጣላችሁ፣ የደረሰው ሰው ስም ከእጣው ይወጣና የእናንተ ዕድል 1/11 ይሆናል። ከዚያ 1/10። መጨረሻ ላይ አንድ ስም ብቻ ይቀራል፤ የግድ የእናንተ ነው። በዕቁብ «እስካሁን አልደረሰኝም፣ አሁን ይደርሰኛል» ማለት ትክክለኛ ሒሳብ ነው። ዳይስ ላይ ግን የወጣው ቁጥር ከጨዋታው አይወጣም። በየውርወራው ስድስቱም ወረቀት ተመልሶ ፌስታሉ ውስጥ እንደገባ ቁጠሩት። ቅድም ወረቀቱን መልሱ ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

በቃል ብቻ አትመኑኝ። የቅደም ተከተል መዝገባችሁን አውጡ። ከእሱ በፊት የተወረወሩት አምስት ውርወራዎች ስድስት ያልነበረባቸውን እያንዳንዱን ውርወራ ፈልጉና አክብቡ። ከተከበቡት ስንቱ 6 እንደሆኑ ቁጠሩ። አስር ሰው ስልሳ ስልሳ ከወረወረ፣ በጠቅላላ 221 ገደማ ክብ ይጠበቃል፤ ከነሱም 37 ያህሉ ስድስት። ሲካፈል ያው 1/6። «አሁንስ ይመጣል» የሚለው እውነት ቢሆን ኖሮ ከዚህ በግልጽ ይበልጥ ነበር።

8ኛ፦ ዳይሱ ራሱ ሲጠረጠር

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሩዶልፍ ቮልፍ የሚባል ስዊዘርላንዳዊ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ነበር። በፀሐይ ላይ የሚታዩትን ጥቁር ነጠብጣቦች በመቁጠር የታወቀ ሰው ነው። ይህ ሰው ዳይስ 20,000 ጊዜ ወርውሮ መዝግቧል። የአንዱ ዳይስ ውጤት ይኸው፦

1 — 3,246
2 — 3,449
3 — 2,897
4 — 2,841
5 — 3,635
6 — 3,932

የሚጠበቀው 3,333 ገደማ ነበር። መለኪያችንን ለ20,000 ሥሩት፤ 105 ገደማ ይመጣል። ስድስት በ599 በልጧል። አራት በ492፣ ሦስት በ436 አንሰዋል። ይህ በአጋጣሚ የሚመጣ አይደለም። ዳይሱ እንከን አለበት።

ምን ዓይነት እንከን? ቅድም ያዙት ያልኳችሁን አስታውሱ። 3 እና 4 ተቃራኒ ገጾች ናቸው፤ ሁለቱም አንድ ላይ አነሱ። ዳይሱ በዚያ አቅጣጫ ከሌሎቹ ጥቂት ቢረዝም፣ ቁመቱ ላይ ለመቆም ይቸገራል። የክብሪት ሳጥን ወርውሩና እዩት፤ አብዛኛውን ጊዜ በሰፊው ጎኑ ይተኛል፣ በጠባቡ ጫፍ መቆም ይከብደዋል። ስድስትስ ለምን በዛ? የነጥቦቹ ጉድጓድ ሲቆፈር ከ6 ወገን ስድስት ጉድጓድ ያህል ይወጣል፣ ከጀርባው ከ1 ወገን ግን አንድ ብቻ። የ6 ወገን ይቀላል፤ ቀላሉ ወደ ላይ ይወጣል። ኤድዊን ጄይንስ የተባለው አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ ከቆጠራው ብቻ ተነስቶ እነዚህን ሁለት እንከኖች ለይቷል። ዳይሱን በእጁ ሳይዝ፣ ቅርጹን ከቁጥር አነበበው። ይሄ ሁሌም ይደንቀኛል።

የእናንተ ዳይስ ካጠራጠራችሁ በማስመሪያ ሦስቱን አቅጣጫ ለኩ። ፕላስቲክ ከሆነ ደግሞ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጨው በብዛት አሟሙና ጣሉት። ከተንሳፈፈላችሁ በጣታችሁ እየገፋችሁ ደጋግማችሁ አሽከርክሩት። ሁሌ አንድ ገጽ ብቻ ወደ ላይ ከመጣ ክብደቱ አልተስተካከለም።

9ኛ፦ ሁለት ዳይስ፣ ከዚያ ሦስት

ሁለት ዳይስ ካላችሁ ቀለማቸው የተለያየ ይሁን፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ነጭ። ድምሩ ከ2 እስከ 12 ይመጣል፤ አስራ አንድ ዓይነት። «ስለዚህ እያንዳንዱ 1/11» ማለት ይቀናል። ስህተት ነው። ቀዩ 3 ነጩ 4፣ ቀዩ 4 ነጩ 3፣ ሁለት የተለያዩ ውጤቶች ናቸው። ቀለሙ የሚያስፈልገውም ይህን በዓይን ለማየት ነው። ጠቅላላው 36 ውጤት ነው። 7 በስድስት መንገድ ይመጣል፣ 2 በአንድ ብቻ።

180 ጊዜ ወርውሩ። ስሌቱ ሙሉ ቁጥር ይሰጣችኋል፦ 2 አምስት ጊዜ፣ 3 አስር፣ 4 አስራ አምስት፣ 5 ሃያ፣ 6 ሃያ አምስት፣ 7 ሠላሳ፤ ከዚያ እስከ 12 በዚያው ልክ ይወርዳል። በጭረት ስትመዘግቡ መሐሉ አብጦ ጫፎቹ ሲሳሱ ገና መቶኛው ውርወራ ላይ ይታያችኋል።

ሦስተኛ ዳይስ ካገኛችሁ ጋሊሊዮ የቀረበለትን ጥያቄ ሞክሩት። በዘመኑ የነበሩ ቁማርተኞች በሦስት ዳይስ 10 ከ9 ትንሽ በዝቶ እንደሚመጣ ከልምድ አስተውለው ነበር። ግራ ያጋባቸው፣ ሁለቱም በስድስት ዓይነት ጥምር መምጣታቸው ነው። ለ9፦ 6-2-1፣ 5-3-1፣ 5-2-2፣ 4-4-1፣ 4-3-2፣ 3-3-3። ለ10፦ 6-3-1፣ 6-2-2፣ 5-4-1፣ 5-3-2፣ 4-4-2፣ 4-3-3። ስድስት ለስድስት። ታዲያ ለምን?

ሦስቱም የተለያዩ ከሆኑ ጥምሩ በስድስት መንገድ ይመጣል። ሁለቱ ከተመሳሰሉ በሦስት። ደምሩት፦ 10 በ27 መንገድ፣ 9 በ25፣ ከ216። የ9 ዝርዝር ውስጥ ያለው 3-3-3 ዳይሶቹን እንዴት ብታቀያይሯቸው ያው አንድ መንገድ ነው።